የሰሜኑን ብርሃን የተከተለው ሰው፦ የክርስቲያን ቢርክላንድ ሕይወትና ሥራ

ፀሐይ ወጥታ እያለ ዝናብ ሲዘንብ ጅብ ወለደች እንላለን። ቀስተ ደመና ሲዘረጋ የማርያም መቀነት ነው እንላለን። በሰሜን አውሮፓ ጫፍ የሚኖሩ ሕዝቦችም በዚህ ከእኛ አይለዩም። በእነሱ አገር በረጅሙ የብርድ ሌሊት ሰማዩ ላይ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ቀይና ሐምራዊ ብርሃን እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ይውለበለባል። ፊንላንዶች ይህን ብርሃን የቀበሮ እሳት ይሉታል። ሳሚዎች ደግሞ ብርሃኑ በወጣ ጊዜ ልጆቻቸው እንዳያፏጩ ይከለክሉ ነበር፤ ሰምቶ ይወርድባቸዋል ብለው ይፈሩ ነበርና። ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን ነገር በመጀመሪያ ስም ያወጣለታል። ስም ማውጣት ግን ማወቅ አይደለም። ከስም ተነስቶ ዕውቀት ዘንድ ለመድረስ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ለዚህ መንገድ ገንዘቡን፣ ጤናውንና ዕድሜውን ከሰጡት ሰዎች አንዱ ኖርዌያዊው ክርስቲያን ቢርክላንድ ነው። ታሪኩ በበረዶ አገር ቢጀምርም ወደ እኛው አካባቢ ወደ ሱዳን ደርሷል፤ የሥራው ፍሬም እስከ አፋር ድረስ የሚዘልቅ ክር አለው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቢርክላንድ ዲሴምበር 13 ቀን 1867 በኖርዌይ ዋና ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ኦስሎ ትባላለች፤ በዚያን ጊዜ ስሟ ክርስቲያንያ ነበር። ኖርዌይም ገና ራሷን የቻለች መንግሥት አልነበረችም፤ እስከ 1905 ድረስ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች። ወጣቱ ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ጽሑፉን ሲጽፍ ዕድሜው 18 ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ውጭ አገር ሄዶ በፓሪስ ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከሄንሪ ፖንካሬ ዘንድ፣ በጀርመን ቦን ከተማ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ካረጋገጠው ከሄይንሪክ ኸርትዝ ዘንድ ዕውቀቱን አሰፋ። በ1898፣ በ30 ዓመት ዕድሜው፣ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያን ዘመን የፊዚክስ ተመራማሪዎችን ሁሉ ያስገረመ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም የካቶድ ጨረር ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ከአንዱ ጫፍ ጨረር ይወጣና የመታውን መስተዋት ያበራዋል። ይህ ጨረር ዛሬ ኤሌክትሮን የምንላቸው የጥቃቅን ቅንጣቶች ጅረት መሆኑ የታወቀው በ1897 ነው። ቢርክላንድ ከዚያ ቀደም ብሎ ማግኔት ወደ ጨረሩ ሲያስጠጋ ጨረሩ ተሰብስቦ ወደ ማግኔቱ ጫፍ ሲሳብ ተመለከተ። መሬትም ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት። ታዲያ ከፀሐይ እንዲህ ያለ ጨረር ቢመጣ የመሬት ማግኔትነት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ አይመራውምን? እዚያ ያለውን የላይኛውን አየር ሲመታስ እንደ መስተዋቱ አያበራውምን? በ1896 ለሳይንስ ዓለም ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር።

ሐሳቡ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። በ1741 በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ሴልሺየስና ረዳቱ ዮርተር የሰሜን ብርሃን ሲወጣ የኮምፓስ ቀስት እንደሚናወጥ አስተውለው ነበር። የቴርሞሜትሩ ሴልሺየስ ይኸው ሰው ነው። በ1859 ደግሞ ካሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ በፀሐይ ገጽ ላይ ድንገተኛ የብርሃን ፍንዳታ አየ፤ ወዲያው በማግሥቱ በዓለም ዙሪያ ኮምፓሶች ተናወጡ፣ የቴሌግራፍ መሥመሮች ታወኩ፣ የሰሜን ብርሃንም ከወትሮው እጅግ ርቆ ወደ ደቡብ ታየ። ሆኖም በዘመኑ ከሁሉ የሚከበረው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን በ1892 ፀሐይ የመሬትን ማግኔት ልታናውጥ አትችልም ሲል ፈርዶ ነበር። ወጣቱ ኖርዌያዊ ሐሳቡን ሲያቀርብ በዚህ ፍርድ ፊት መቆሙ ነበር።

ወደ ሃልዴ ተራራ

ቢርክላንድ መልሱን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አልጠበቀም። ከአርክቲክ ክበብ በስተ ሰሜን፣ በአልታ አጠገብ፣ ሃልዴ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 900 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለደጋ ሰው ይህ ቁጥር ቆላ ይመስለው ይሆናል። በዚያ ሰሜን ግን 900 ሜትር ማለት ዛፍ የማይበቅልበት፣ ፀሐይ ለሳምንታት የማትወጣበት፣ ነፋሱ ሰውን አንገዳግዶ የሚጥልበት ስፍራ ነው። ቢርክላንድ ከባልንጀሮቹ ጋር መጀመሪያ ወደዚያ አካባቢ በተጓዘ ጊዜ የበረዶ ማዕበል ያዛቸው። ከረዳቶቹ አንዱ የሕክምና ተማሪው ቢዮርን ሄላንድ-ሃንሰን ጣቶቹን ብርድ በላበትና ተቆረጡ። ቀዶ ሐኪም የመሆን ተስፋው በዚያው ቀረ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ባሕር ጥናት መልሶ በሙያው ስሙ የታወቀ ሳይንቲስት ሆነ።

በ1899 ሁለት ጠንካራ የድንጋይ ቤቶች በሁለት የተራራ ጫፎች ላይ ተሠሩ። አንዱ በሃልዴ፣ ሌላው በጎረቤቱ ተራራ ላይ ነበር፤ በስልክ መሥመርም ተገናኙ። ምክንያቱን በጂኦሜትሪ ክፍል የተማረ ልጅ ይረዳዋል። አንድን ብርሃን ሁለት ሰዎች ከሁለት ቦታ ሆነው በአንድ ጊዜ ቢመለከቱትና እያንዳንዳቸው ማዕዘኑን ቢለኩ የብርሃኑን ከፍታ በሦስት ማዕዘን ስሌት ማግኘት ይቻላል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ግን ለዚህ ሥራ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የሥራ ባልደረባው የሒሳብ ሊቁ ካርል ስቶርመር ዘዴውን በፎቶግራፍ አሻሽሎ ብርሃኑ የሚወጣው 100 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ መሆኑን አረጋግጧል።

ተመራማሪዎቹ ያንን የብርድ ጊዜ በሙሉ በተራራው ላይ አሳለፉ። መሣሪያቸውን ሲያነቡ፣ በረዶ ሲጠርጉ፣ ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ሲጠብቁ ቆዩ። በማርች 1900 ግን ኤሊሳር ቦዬ የተባለው ወጣት ረዳት በበረዶ ናዳ ተቀብሮ ሞተ። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሰሜን ብርሃን በግማሽ ገጽ ተጽፎ ያልቃል። ከዚያ ግማሽ ገጽ ጀርባ የአንድ ልጅ ሕይወትና የሌላው ጣቶች አሉ።

ቢርክላንድ ከዚህ በኋላም አላቆመም። በ1902 እና በ1903 በአንድ ጊዜ አራት ጣቢያዎች አቆመ፤ አንዱ በኖርዌይ፣ አንዱ በአይስላንድ፣ አንዱ በስፒትስበርገን፣ አንዱም በሩሲያ ኖቫያ ዜምልያ ደሴት ነበር። የአራቱ ጣቢያዎች ሰዎች የማግኔት መርፌዎች እንዴት እንደሚናወጡ በተመሳሳይ ሰዓት መዘገቡ። ከሌሎች አገሮች የመጡ መዝገቦችም ተጨመሩበት። ውጤቱ በ1908 እና በ1913 በታተመ ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። ቢርክላንድ የደረሰበት ድምዳሜ የሚከተለው ነበር። ብርሃኑ ሲወጣ በላይኛው አየር ውስጥ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት አግድም ይፈሳል። ይህ ጅረት ግን እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያልቅ አይደለም። ከሕዋ በመሬት የማግኔት መሥመሮች ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ በአየሩ ውስጥ አግድም ይሄዳል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ሕዋ ተመልሶ ይወጣል።

በሣጥን ውስጥ ያለች ትንሽ መሬት

የቢርክላንድ ትልቁ ብልኃት በቤተ ሙከራው ውስጥ የሠራት ትንሽ መሬት ናት። ቴሬላ ትባላለች፤ ትርጉሙም ትንሿ መሬት ማለት ነው። የብረት ሉል ናት፤ በውስጧ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት የሚሆን ጥቅል ሽቦ አለ። ላይዋ ጨረር ሲመታው በሚያበራ ቀለም ተቀብቷል። ይህችን ሉል አየሩ በተመጠጠ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሰቅሎ የካቶድ ጨረር ለቀቀባት። ሽቦው ማግኔት ሳይሆን ጨረሩ ፊት ለፊቱ ያገኘውን የሉሉን ክፍል መታ። ማግኔቱ ሲበራ ግን ጨረሩ ታጠፈና በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ሁለት የብርሃን ቀለበቶች ሆነ። የሰሜን ብርሃን በብዛት የሚታየው ልክ በዋልታው ጫፍ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለ ቀለበት ላይ መሆኑ የታወቀ ነበር። ሰማይ የሚያህለው ነገር በጠረጴዛ ላይ ታየ። ከዓመት ወደ ዓመት ሣጥኑን እያሳደገ ሄዶ የመጨረሻው 1,000 ሊትር የሚይዝ ነበር።

መድፉና ማዳበሪያው

ምርምር ገንዘብ ይበላል። ተራራ ላይ ቤት መሥራት፣ መርከብ መከራየት፣ ሣጥን ማሠራት ከፕሮፌሰር ደመወዝ በላይ ነበር። ስለዚህ ቢርክላንድ ገንዘብ የሚያስገኝ ፈጠራ ፈለገ። በ1901 ያለ ባሩድ፣ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል ብረት የሚወረውር መድፍ በስሙ አስመዘገበና ኩባንያ አቋቋመ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1903 በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ታላላቅ ሰዎች ተጋብዘው በተሰበሰቡበት መድፉን ሊያሳይ ቀረበ። ማብሪያውን ሲጫነው ኮንታክት ተፈጠረ። ዓይን የሚያጠፋ ብልጭታና ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት አዳራሹን ሞላው፤ ተጋባዦቹም ተደናገጡ። ጉዳት የደረሰበት ሰው ባይኖርም በዚያች ቅጽበት የመድፉ ንግድ አበቃ።

ከሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን፣ ቢርክላንድ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ሳም አይዴ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ተገናኘ። አይዴ የኖርዌይን ፏፏቴዎች ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ለማዋል የሚያስብ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የዓለም እርሻ ናይትሮጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከቺሌ በረሃ ከሚቆፈር ጨው ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ክሩክስ በ1898 ይህ ጨው ሲያልቅ ስንዴ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ነበር። ናይትሮጅን ግን በዙሪያችን ሞልቷል፤ ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ችግሩ ተክል ከአየር ላይ እንዳለ ሊወስደው አለመቻሉ ነው። መብረቅ ሲመታ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ይዋሐዳሉ፤ ከዝናቡ ጋር ወደ አፈር ወርደውም ተክልን ይመግባሉ። አይዴ የሚፈልገው ያንን መብረቅ በፋብሪካ ውስጥ ማግኘት ነበር። ቢርክላንድ ደግሞ ከሳምንት በፊት ሳይፈልገው መብረቅ ሠርቶ ነበር።

መድፉን ያበላሸው ብልጭታ ማዳበሪያ ሆነ። ቢርክላንድ የኤሌክትሪኩን ብልጭታ በማግኔት መካከል ሲያደርገው ተዘርግቶ እንደ ምጣድ ክብ ሆነ። በዚህ የእሳት ምጣድ ውስጥ አየር ሲያልፍ ከ3,000 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ናይትሮጅንና ኦክሲጅኑ ይዋሐዳሉ። የሚወጣው ጋዝ በውኃ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ለእርሻ የሚሆን ማዳበሪያ ይወጣል። ዲሴምበር 2 ቀን 1905 ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። የኖቶደንና የሪዩካን ፋብሪካዎች ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዘዴው ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ጀርመኖች ባገኙት ሌላ ዘዴ ተተክቷል። ኩባንያው ግን አደገ። የማዳበሪያ ክፍሉ በ2004 ያራ በሚል ስም ራሱን ቻለ፤ በእኛ አገር በአፋር ዳሎል አካባቢ ያለውን የፖታሽ ማዕድን ሲያጠና የቆየው ያራ ይኸው ነው።

በአንድ ወገን የቆመ ሰው

ቢርክላንድ ከማዳበሪያው ያገኘውን ገንዘብ መልሶ በምርምር ላይ አፈሰሰው። በ1905 አይዳ ሐመር የተባለች ሴት አግብቶ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም፤ ትዳሩም በ1911 ፈረሰ። ለኖቤል ሽልማት ብዙ ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አላገኘም። ከሁሉ የከፋው ግን ዋናው ሐሳቡ ተቀባይ ማጣቱ ነበር።

በኋላ ዘመን የዚህን ትምህርት ዘርፍ የመራው እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ጅረቱ ከሕዋ ይመጣል የሚለውን አልተቀበለም። በእሱ አስተያየት ጅረቱ እዚያው በላይኛው አየር ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይዞራል። የቻፕማን ስሌት ንጹሕና ያማረ ነበር፤ አብዛኛውም ተመራማሪ ተከተለው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መሬት ላይ የቆመ ሰው መርፌ ሲናወጥ ከማየት በቀር ሌላ ምስክር የለውም። የቢርክላንድ ጅረትም ሆነ የቻፕማን ጅረት መሬት ላይ ያለችውን መርፌ በአንድ ዓይነት መንገድ ሊያናውጣት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ሐሳቦች ለመለየት ከመሬት ላይ ስንት ጣቢያ ቢተከል አይበቃም ነበር። መሣሪያውን ከአየሩ በላይ ይዞ መውጣት ያስፈልግ ነበር። በቢርክላንድ ዘመን ደግሞ ወደዚያ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ሰውየው እውነት በእጁ ነበረች፤ ማረጋገጫው ግን ገና አልተፈጠረም።

በሱዳን ሰማይ ሥር

ከሰሜኑ ብርሃን ቀጥሎ ልቡን የሳበው ሌላ ብርሃን ነበር። ፀሐይ ጠልቃ ጨለማው ከያዘ በኋላ በምዕራብ፣ ወይም ከመንጋቱ በፊት በምሥራቅ፣ ከአድማስ ወደ ላይ እንደ ሾጠጤ ድንኳን የቆመ ደብዛዛ ነጭ ብርሃን ይታያል። የዞዲያክ ብርሃን ይባላል። ሙስሊም ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ ሐሰተኛው ጎህ ብለው ያውቁታል፤ የሱብሒ ሰላት የሚጀምረው በዚህ ሳይሆን በእውነተኛው ጎህ መሆኑንም ሊቃውንቶቻቸው አስተምረዋል። ይህ ብርሃን በአውሮፓ በደንብ አይታይም፤ ወደ አድማስ ያዘነብላል። ወደ ምድር ወገብ በተጠጋን ቁጥር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ነው ሰውየው ወደ እኛ አካባቢ የመጣው።

በ1913 እና በ1914 ቢርክላንድ ቶራልፍ ስኮለም የተባለውን ወጣት ረዳቱን ይዞ በሱዳን ይህን ብርሃን ተከታተለ። ስኮለም በኋላ በሒሳባዊ ሎጂክ ዓለም ያወቀው ሊቅ ሆኗል። የበረሃው አየር ደረቅ፣ ሌሊቱም ጥርት ያለ ነበር። ቢርክላንድ የሰሜኑን ብርሃን የሚያስነሣው የፀሐይ ጨረር ይህንንም ብርሃን እንደሚያስነሣ ገምቶ ነበር፤ በቴሬላ ሣጥኑም ለማሳየት ሞከረ። በዚህኛው ግን ግምቱ አልሆነም። የዞዲያክ ብርሃን የፀሐይ ብርሃን በፕላኔቶች መካከል በተበተነ ደቃቅ አቧራ ላይ አርፎ ሲንጸባረቅ የሚታይ መሆኑ በኋላ ታውቋል። ያው ሰው በአንዱ ብርሃን ዘመኑን ቀድሞ እውነቱን አገኘ፤ በሌላው ብርሃን ደግሞ ሳተ። ሁለቱንም የሠራው በአንድ ዓይነት ትጋት ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቢርክላንድ በግብፅ፣ በካይሮ አጠገብ ባለችው በሔልዋን፣ ምልከታውን ቀጠለ። ጤናው ግን እየከዳው ሄደ። ለዓመታት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበርና የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ አእምሮውን በጥርጣሬና በፍርሃት ሞላው። በ1917 ወደ አገሩ ለመመለስ ሲነሣ በጦርነቱ ምክንያት የአውሮፓው መንገድ አደገኛ ስለነበር በምሥራቅ በኩል ዞሮ ጃፓን ደረሰ። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሙያ ጓደኞቹን ሊጠይቅ በዚያ ሰነበተ። ጁን 15 ቀን 1917 ጧት በሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ከታዘዘው መጠን እጅግ የበዛ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስዶ ነበር። ዕድሜው 49 ዓመት ነበር።

እውነትና ንጋት

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። የቢርክላንድ እውነት ለመጥራት ግማሽ ምዕተ ዓመት ወሰደበት። ስዊድናዊው ሐነስ አልፍቬን፣ በ1970 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ሐሳቡን ሲከላከልለት ቆየ። በ1960ዎቹ ማግኔት መለኪያ የተሸከሙ ሳተላይቶች ከሰሜን ብርሃን በላይ ሲያልፉ መሣሪያቸው ያለማቋረጥ ይናወጥ ጀመር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተላከችው ትሪያድ የተባለች ሳተላይት ነገሩን ለየችው። ጅረቱ በእርግጥ በማግኔት መሥመሮቹ ላይ ከሕዋ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። ማዕበል በሚሆንበት ጊዜ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን አምፔር ይበልጣል። ሳይንቲስቶች ስሙን የቢርክላንድ ጅረት አሉት። በ1994 አገሩ ምስሉን በ200 ክሮነር ኖት ላይ ከሰሜኑ ብርሃንና ከቴሬላ ሣጥኑ ጋር አተመች።

ይህ ዕውቀት ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ማርች 13 ቀን 1989 ከፀሐይ የተነሣ የማግኔት ማዕበል በካናዳ የኩቤክን መብራት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አጥፍቶ 6 ሚሊዮን ሰዎችን በጨለማ አስቀምጧል። በእኛ በኩልም ልብ የሚባል ነገር አለ። አዲስ አበባ በመሬት የማግኔት ወገብ አጠገብ ትገኛለች። እንደ ሚዛን ተንጠልጥላ ወደ ላይና ወደ ታች ልትዘነብል የምትችል የማግኔት መርፌ ዋልታ አጠገብ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ በአዲስ አበባ ግን አግድም ልትተኛ ምንም አይቀራት። በ1957 እና በ1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የተቋቋመው ቦታው ለዚህ ጥናት እጅግ ስለሚያስፈልግ ነው። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ሌላ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የሰሜኑ ብርሃን ግን ወደ እኛ አይመጣም፤ የማግኔት መሥመሮቹ በእኛ ሰማይ ላይ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የፀሐይ ቅንጣቶች የሚወርዱበት መሰላል የላቸውም።

ታዲያ ሁሉም ተፈታ ማለት ነው? አይደለም። ሰማዩ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ብርሃኑ ድንገት ለምን በዚያች ደቂቃ እንደሚፈነዳ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሰሜን ሰዎች ብርሃኑ ሲበረታ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማል ሲሉ ኖረዋል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ብርሃን ድምፁ ከእነርሱ ጆሮ እንዴት ይደርሳል ተብሎ ይናቅ ነበር። በ2012 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ድምፁን ቀርጸው ከመሬት በላይ 70 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚወለድ አሳይተዋል፤ እንዴት እንደሚወለድ ግን ገና ክርክር አለበት። ቢርክላንድ በሱዳን የተከታተለው ብርሃንም የመጨረሻ ቃል አልተነገረለትም። አቧራው ከጅራታም ኮከቦች የተራገፈ ነው የሚሉ አሉ፤ በ2021 ደግሞ ወደ ጁፒተር የሄደችው ጁኖ መንኮራኩር ከሰበሰበችው መረጃ ተነሥተው ከማርስ አካባቢ የመጣ ነው ያሉ አሉ።

ተማሪዎቻችን ከዚህ ሰው ሕይወት የሚወስዱት ብዙ ነው። ብልኃት የተበላሸን ነገር አይቶ ለሌላ ጥቅም ማዋል መሆኑን ከመድፉ ይማራሉ። ያልተረጋገጠ ነገር ሁሉ ሐሰት አለመሆኑን፣ የተከበረ ሰው የተናገረው ሁሉም እውነት አለመሆኑን ከሐሳቡ ይማራሉ። የተማረ ሰውም ሊስት እንደሚችል ከሱዳኑ ብርሃን ይማራሉ። ወላጆችና መምህራን ደግሞ የሃልዴን ቤቶች እናስብ። እዚያ ሌሊቱን መሣሪያ ሲጠብቁ ያደሩት ወጣቶች፣ ልጆቻችን ለሚጠይቁን ጥያቄ ተረቱን ብቻ ነግረን ዝም እንዳንል ዕዳ ጥለውብናል። የማርያም መቀነት የሚለውን ስም እናስተምራቸው፤ ያምራልና። ከስሙ ቀጥሎ ግን ብርሃኑ በጠብታዎቹ ውስጥ እንዴት እንደሚሰበር እንንገራቸው። ከዚያም ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሌሊት፣ ከከተማው መብራት ወጣ ወዳለ ጨለማ ስፍራ ይዘናቸው እንሂድ። ጨረቃ በሌለችበት ጊዜ፣ ከመንጋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት፣ ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ። በስተ ሰሜን ያሉ አገሮች በግድ የሚያዩት ያ ደብዛዛ ድንኳን በእኛ ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለማየት መሣሪያም ገንዘብም አያስፈልገውም።